በጽሑፍ ሰነድ ውስጥ የሊንክን መልክ መለወጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ዘገባ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ መመሪያ ወይም መጽሐፍ በኮምፒውተር የሚያዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አብዛኛው መልስ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ማይክሮሶፍት ወርድን ይመለከታል። ሊብሬኦፊስ ራይተርን እና ጉግል ዶክስን የሚጠቀሙ አንባቢዎች የራሳቸውን መልስ ወደ መጨረሻው ያገኛሉ። የትእዛዞቹ ስሞች ፕሮግራሞቹ ላይ እንደሚነበቡት በእንግሊዝኛው አጠራር ተጽፈዋል።

ሊንክ ለምን ሰማያዊ ይሆናል? ለምንስ ከሥሩ ይሰመርበታል?

ልማዱ ከድረ ገጽ የመጣ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሞዛይክ የተባለው ማሰሻ በ1993 እ.ኤ.አ. ያልተከፈተውን ሊንክ በሰማያዊ ቀለምና ከሥሩ በተሰመረ መስመር፣ የተከፈተውን ደግሞ በጠቆር ያለ ሐምራዊ ያሳይ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ማሰሻዎችም የጽሑፍ ፕሮግራሞችም ይህንኑ ተከተሉ።

ሰማያዊው ራሱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በቁጥር ሲገለጽ በወርድ 2007 እና 2010 የሊንክ መነሻ ቀለም 0፣ 0፣ 255 ነበር፤ ይህ ዓይን የሚወጋው ደማቅ ሰማያዊ ነው። ከ2013 እትም ጀምሮ 5፣ 99፣ 193 ሆነ። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲሱ የኦፊስ ገጽታ (ለሰነድ አስቀድሞ የተዘጋጀ የቀለምና የፎንት ስብስብ) ደግሞ ወደ አመድማ ሰማያዊ አድልቶ 70፣ 120፣ 134 ሆኗል። ሁለት ሰዎች በየኮምፒውተራቸው የከፈቷቸው አዲስ ሰነዶች የተለያየ ሰማያዊ የሚያሳዩት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሊንኩን መርጬ የፈለግሁትን ቀለም ብሰጠው ምን ችግር አለው?

ሰነዱ አንድ ገጽ ከሆነና ሊንኩም አንድ ብቻ ከሆነ ምንም ችግር የለውም። ሊንኩን ይምረጡ፣ ቀለሙን ይቀይሩ፣ ሥራዎን ይቀጥሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ሰነዱ ሲያድግ ነው። ሠላሳ ሊንክ ያለበትን ዘገባ አንድ በአንድ ቀለም የቀባ ሰው ሠላሳ አንደኛውን ሲያስገባ እንደገና ሰማያዊ ሆኖ ይመጣበታል። አለቃው ወይም አሳታሚው «ቀለሙ ትንሽ ይጥቆር» ካለ ደግሞ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል። ከዚህ የሚብሰው፣ በእጅ የተቀባው ቀለም ከስር ያለውን ስታይል፣ ማለትም በስም የተቀመጠውን የመልክ ቅንብር፣ ስለሚሸፍነው፣ በኋላ ትክክለኛውን መንገድ መከተል ቢፈልጉ እንኳን እነዚያ ሊንኮች አልታዘዝ ማለታቸው ነው።

ወርድ ሊንክ ሲያስገቡ ለጽሑፉ «ሃይፐርሊንክ» የተባለ የፊደል ስታይል ይሰጠዋል። ሰማያዊነቱም መስመሩም የተጻፉት በዚህ ስታይል ውስጥ ነው። ስታይሉን አንድ ጊዜ ሲለውጡ በሰነዱ ውስጥ ያሉት ሊንኮች በሙሉ አብረው ይለወጣሉ፤ ወደፊት የሚያስገቧቸውም አዲሱን መልክ ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህንን ይውሰዱ።

ታዲያ ስታይሉን የምለውጠው እንዴት ነው?

አጭሩ መንገድ የሚከተለው ነው። ጠቋሚውን በአንድ ሊንክ ጽሑፍ መካከል ያስገቡ፤ የማውሱ ጠቅታ ሊንኩን እንዳይከፍተው በቀስት ቁልፎች ቢገቡ ይሻላል። ከዚያ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የኤስን ቁልፍ በአንድነት ይጫኑ። «አፕላይ ስታይልስ» የሚል ትንሽ ሳጥን ይከፈታል፤ በውስጡም «ሃይፐርሊንክ» የሚለው ስም ተጽፎ ያገኙታል። እዚያው ያለውን «ሞዲፋይ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ።

በሚከፈተው መስኮት ቀለሙን መቀየር፣ መስመሩን ማጥፋት ወይም ጽሑፉን ማድመቅ ይቻላል። ዋናው ሀብት ግን ከታች በስተግራ «ፎርማት» በሚለው ቁልፍ ሥር ተቀምጧል። እሱን ተጭነው «ፎንት» የሚለውን ሲመርጡ የመስመሩን ዓይነት፣ ማለትም ነጠላ፣ ድርብ፣ በነጥብ የተሠራ ወይም የተቆራረጠ፣ እንዲሁም የመስመሩን ቀለም ከፊደሉ ቀለም ለይተው መምረጥ ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ሳያየው ያልፋል፤ እጅግ የሚያምሩት ሊንኮች የሚሠሩት ግን እዚህ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ፊደል ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ መስመር ይዞ ሲታይ ሊንክነቱ ሳይጠፋ ገጹ ይረጋጋል።

በማክ ኮምፒውተር ላይ «ፎርማት» ከሚለው ምናሌ «ስታይል» የሚለውን ከፍተው ከዝርዝሩ «ሃይፐርሊንክ»ን ይምረጡና «ሞዲፋይ» ይበሉ። የቀረው ተመሳሳይ ነው።

«ሃይፐርሊንክ» የሚለው ስታይል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጠፍቶብኝ ነው?

አልጠፋም። ወርድ አንዳንድ ስታይሎችን ሥራ ላይ እስኪውሉ ድረስ ይደብቃቸዋል። በሰነዱ ውስጥ አንድ ሊንክ ካስገቡ ብቅ ይላል። ሊንክ ሳያስገቡ ማየት ከፈለጉ ኦልት፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስን በአንድነት ተጭነው የስታይሎቹን ሰሌዳ ይክፈቱ፤ ከግርጌው «ኦፕሽንስ» የሚለውን ተጭነው ሁሉም ስታይሎች እንዲታዩ ይዘዙ።

ስታይሉን ለወጥኩ፤ አንዳንድ ሊንኮች ግን በድሮው ቀለም ቀርተዋል። ለምን?

አንዱ ምክንያት ቀደም ሲል የተጠቀሰው ነው፦ በእጅ የተሰጠ ቀለም ስታይሉን ሸፍኖታል። ከድረ ገጽ ወይም ከኢሜይል ተገልብጦ የመጣ ሊንክም የመጣበትን ቦታ ቀለምና ፎንት ተሸክሞ ስለሚመጣ እንዲሁ ያደርጋል። መፍትሔው ሊንኩን መርጦ ኮንትሮልና የክፍተት ቁልፉን በአንድነት መጫን ነው። ይህ በፊደሎቹ ላይ የተጫነውን ሁሉ ያራግፋል። ስታይሉም አብሮ ስለሚራገፍ ጽሑፉ እንደ ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ሊንኩ ግን መሥራቱን አያቆምም። ከዚያ «ሃይፐርሊንክ»ን መልሰው ይስጡት።

ብዙ ሊንኮች እንዲህ ተበላሽተው ከሆነ አንድ በአንድ መልፋት አያስፈልግም። በስታይሎቹ ሰሌዳ ላይ «ሃይፐርሊንክ» ከሚለው ስም አጠገብ ያለችውን ቀስት ሲጫኑ በዚህ ስታይል የተጻፉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚመርጥ ትእዛዝ ያገኛሉ። ሁሉም እንደተመረጡ ኮንትሮልና ክፍተት፣ ቀጥሎም «ሃይፐርሊንክ»ን መጫን ነው። ሁለት እርምጃ ነው፤ ሁለት መቶ ገጽ ያለውን ሰነድ ያጸዳል።

ሌላው ምክንያት ሊንኩ ቀደም ብሎ የተከፈተ መሆኑ ነው። ይህ የራሱ ጥያቄ ስላለው ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ሊንኩን ከፍቼ ስመለስ ሐምራዊ ሆነብኝ። ይህን ማስቀረት ይቻላል?

ይቻላል። ወርድ የተከፈተን ሊንክ ወደ ሌላ ስታይል ያዛውረዋል፤ ስሙም «ፎሎውድ ሃይፐርሊንክ» ነው። ስለዚህ የሚለወጡት ስታይሎች ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሎ ሁለተኛውን የረሳ ሰው፣ ሊንኮቹ መሥራታቸውን ለማረጋገጥ አንድ ሁለቱን ሲከፍት ገጹ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ጥሎ ይወጣል። ሰነዱ በዚያው መልኩ ሊቀመጥ፣ ሊላክና ሊታተም ይችላል።

ለድረ ገጽ የሐምራዊው ጥቅም ግልጽ ነው፤ አንባቢው የት እንደነበረ ያስታውሰዋል። ለሚታተም ወይም ለሚረከብ ሰነድ ግን አዘጋጁ የትኛውን ሊንክ እንደፈተሸ ለአንባቢው መንገር ምንም ፋይዳ የለውም። በእኔ እምነት እንዲህ ባለው ሰነድ ላይ ሁለቱ ስታይሎች አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት መስመር ሊኖራቸው ይገባል። አስቀድመው ሐምራዊ የሆኑትን መመለስ ከፈለጉ መርጠው «ሃይፐርሊንክ»ን ይስጧቸው።

ከሥሩ ያለውን መስመር አጥፍቼ ቀለሙን ብቻ ብተወው ያስኬዳል?

በቴክኒክ በኩል ቀላል ነው፤ በስታይሉ ውስጥ የመስመሩን ምልክት ማጥፋት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከማጥፋትዎ በፊት ሰነድዎን የሚያነበውን ሰው ያስቡልኝ። ቀለማትን ለይቶ ማየት የሚቸግረው አንባቢ አለ። ሰነዱን በጥቁርና ነጭ አትሞ የሚያነብ አለ። ደካማ ስክሪን ላይ፣ ፀሐይ እየወጋው የሚያነብም አለ። ለእነዚህ ሁሉ ቀለም ብቻውን ምልክት አይሆንም።

ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው የተደራሽነት መመሪያም መረጃ በቀለም ብቻ እንዳይገለጽ ይጠይቃል። መስመሩ የግድ መውጣት ካለበት የሊንኩ ቀለምና በዙሪያው ያለው ጽሑፍ ቢያንስ የ3 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖራቸው ይመከራል። ሊንኩና የወረቀቱ ነጭ መደብ ደግሞ በተራ መጠን ጽሑፍ ላይ 4.5 ለ1 ልዩነት ሊኖራቸው ይገባል።

ቁጥሮቹን በታወቁት ቀለማት ላይ ስናሰላቸው የሚገርም ነገር ይወጣል። የድሮው ደማቅ ሰማያዊ፣ 0፣ 0፣ 255፣ ከነጩ መደብ ጋር 8.6 ለ1 ያህል ስለሚለያይ በደንብ ይነበባል፤ ከጥቁር ጽሑፍ ጋር ያለው ልዩነት ግን 2.4 ለ1 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ መስመር ብቻውን አይቆምም። የ2013ቱ ሰማያዊ ከነጭ 5.9፣ ከጥቁር 3.6 ገደማ ይለያል፤ ሁለቱንም መስፈርት ያልፋል። አዲሱ አመድማ ሰማያዊም ከነጭ 4.9፣ ከጥቁር 4.3 ገደማ ስለሆነ ያልፋል። በሁለቱ መስፈርቶች መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፦ ቀለሙን ባጠቆሩት ቁጥር ከጥቁሩ ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል፣ ባፈዘዙት ቁጥር ወረቀቱ ውስጥ ይሰምጣል።

መስመሩ ካለ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቃለላል። ከጥቁር ጋር ስለመመሳሰሉ ሳይጨነቁ የወደዱትን ጠቆር ያለ ቀለም መምረጥ ይችላሉ። ምክሬ መስመሩን ከማጥፋት ይልቅ ማለስለስ ነው፤ ይህም ቀደም ብሎ እንደተገለጸው ቀለሙን ለብቻው በማፍዘዝ ወይም በነጥብ በመተካት ይሠራል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ መስመሩ ከፊደሎቹ እግር ጋር ይጣበቅብኛል። ምን ላድርግ?

እውነት ነው፤ በአንዳንድ ፎንቶች እንደ ሟ፣ ሏ፣ ቷ ያሉት ፊደላት ከግርጌያቸው ያለው ምልክት ከመስመሩ ጋር ተነካክቶ አንዱ ፊደል ሌላውን ይመስላል። ፎንት መቀየር አንዱ መፍትሔ ነው። ፎንቱ የማይቀየር ከሆነ የመስመሩን ቀለም ከፊደሉ ቀለም በግልጽ ያፍዝዙት፤ ዓይን ወዲያው ፊደሉን ከመስመሩ ይለያል። ወፍራምና ድርብ መስመርን ግን ይሽሹ።

በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ሊንክን ለመለየት ጽሑፉን በትልልቅ ፊደላት ሊያደርጉት ወይም ኢታሊክ የተባለውን ጋደል ያለ አጻጻፍ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ኢታሊክም ቢሆን ለብዙዎቹ የአማርኛ ፎንቶች በወጉ ያልተሠራላቸው በመሆኑ ኮምፒውተሩ ፊደሉን በኃይል ያጋድመዋል፤ ንባቡም ይጎዳል። ስለዚህ ለአማርኛ ጽሑፍ የሚቀሩት ቀለም፣ መስመርና ማድመቅ ናቸው። ማድመቁን ለርዕስ ቢተዉት ይሻላል።

ሌላ ጥንቃቄ፦ በ«ሃይፐርሊንክ» ስታይል ውስጥ ፎንት አይምረጡ። ፎንቱ ባዶ ሲሆን ሊንኩ የገባበትን አንቀጽ ፎንት ይወርሳል። ከመረጡለት በርዕስ ውስጥም በግርጌ ማስታወሻ ውስጥም ያው ፎንት ሆኖ ከአካባቢው ጋር ይጣላል። መጠኑንም እንዲሁ ይተዉት።

የገጽታ ቀለም በመቀየር ሊንኩን መለወጥ ይቻላል የሚባለውስ?

አዎ። እያንዳንዱ የወርድ ገጽታ 12 ቀለማት አሉት፤ ከእነሱ ሁለቱ ለሊንክና ለተከፈተ ሊንክ የተመደቡ ናቸው። «ዲዛይን» በሚለው ክፍል «ከለርስ»፣ ከዚያም «ከስተማይዝ ከለርስ» ብለው ሁለቱን መቀየር ይችላሉ። ይህ መንገድ የሚመቸው የራሱ የቀለም ስብስብ ላለው ድርጅት ነው፤ ሰንጠረዡም ገበታውም ሊንኩም በአንድ ቤተሰብ ቀለም ይሆናሉ። በስታይሉ ውስጥ ቋሚ ቀለም አስቀድመው ከመረጡ ግን የገጽታው ለውጥ ሊንኮቹን አይነካቸውም።

አዲስ ሰነድ በከፈትኩ ቁጥር ሰማያዊው ይመለሳል።

የስታይል ለውጥ በራሱ የሚቀረው በተሠራበት ሰነድ ውስጥ ብቻ ነው። በ«ሞዲፋይ» መስኮት ግርጌ ሁለት ምርጫዎች አሉ፦ አንዱ ለዚህ ሰነድ ብቻ፣ ሌላው በዚሁ አብነት (አዲስ ሰነድ በሚጀመርበት ናሙና) ለሚሠሩ አዳዲስ ሰነዶች ሁሉ የሚል ነው። ሁለተኛውን ይምረጡ። ከዚህ ቀደም የተሠሩ ሰነዶች ግን እንደነበሩ ይቆያሉ።

ጽሑፉን ወደ ሌላ ሰነድ ስገለብጠው የሊንኩ ቀለም ለምን ይለወጣል?

ሁለቱም ሰነዶች «ሃይፐርሊንክ» የተባለ ስታይል ስላላቸው ነው። ስሙ አንድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው የተቀባዩ ሰነድ ትርጉም ነው። የብዙ ጸሐፊዎችን ምዕራፍ ወደ አንድ መጽሐፍ ለሚያሰባስብ አርታኢ ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ ሁሉም በስታይል ከሠሩ ሊንኮቹ ያለ ልፋት አንድ መልክ ይይዛሉ።

ማውጫው ውስጥ ያሉት መስመሮች የሚለወጡት በዚሁ ስታይል ነው?

የማውጫው መልክ የሚታዘዘው ከ«ቲኦሲ 1» እስከ «ቲኦሲ 9» በተባሉት የራሱ ስታይሎች ነው። በእጅ የሚሰጡት ቀለም ማውጫው በታደሰ ቁጥር ስለሚጠፋ እነዚህን ስታይሎች ይለውጡ።

ወርድ የድረ ገጽ አድራሻ በጻፍኩ ቁጥር ወደ ሊንክ ይቀይርብኛል።

እንደተቀየረ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድን ይጫኑ፤ ጽሑፉ ይቀራል፣ ሊንክነቱ ይሄዳል። ጨርሶ እንዲያቆም ከፈለጉ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ብለው ይግቡና «ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» በሚለው ገጽ ላይ ስለ ኢንተርኔት አድራሻዎች የሚናገረውን ምልክት ያንሱ።

ሁሉንም ሊንኮች በአንድ ጊዜ ማጥፋትስ?

ሁሉንም መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 9ን መጫን ያጠፋቸዋል። ነገር ግን እባክዎ ይጠንቀቁ፦ ይህ ትእዛዝ የሚያየው ሊንክን ብቻ አይደለም። በምርጫው ውስጥ ያለውን በራሱ የሚታደስ ነገር ሁሉ ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጣል። ማውጫው መታደሱን ያቆማል፤ የሥዕልና የሰንጠረዥ ቁጥሮች ይደርቃሉ፤ «ገጽ 14ን ይመልከቱ» የሚሉት ማጣቀሻዎች ገጹ ቢቀየርም 14 እንዳሉ ይቀራሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ሊንኮቹ ያሉበትን አንቀጽ ብቻ እየመረጡ ይሥሩ፤ ከዚያ በፊትም የሰነዱን ቅጂ ያስቀምጡ። ፍላጎትዎ ሰማያዊውን ማስወገድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሊንኮቹን መግደል አያስፈልግም፤ ስታይሉ ይበቃል።

ሊብሬኦፊስ ራይተርን ነው የምጠቀመው።

አሠራሩ አንድ ነው፤ ስሞቹ ይለያያሉ። ኤፍ 11ን ተጭነው ስታይሎቹን ይክፈቱና ወደ ፊደል ስታይሎች ይሂዱ። «ኢንተርኔት ሊንክ» እና «ቪዚትድ ኢንተርኔት ሊንክ» የተባሉትን ሁለቱን ያገኛሉ። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ከፍተው ያስተካክሏቸው። በእጅ የተሰጠን ቀለም ለማራገፍ ኮንትሮልና ኤምን ይጫኑ።

ራይተር ወርድ የሌለው አንድ መልካም ነገር አለው። በፊደል ማስተካከያው መስኮት ውስጥ «ሃይፐርሊንክ» የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ሊንክ ሳይከፈትና ከተከፈተ በኋላ የሚይዘውን ስታይል ለየብቻ መምረጥ ይቻላል። በሰነዱ ውስጥ ወዳለ ምዕራፍ የሚወስዱትን ሊንኮች በአንድ መልክ፣ ወደ ውጭ የሚያወጡትን በሌላ መልክ ማሳየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው።

በጉግል ዶክስስ?

ጉግል ዶክስ ለሊንክ የተለየ ስታይል የለውም። ሊንክ ሲያስገቡ 17፣ 85፣ 204 የሆነ ሰማያዊና መስመር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን በእጅ ማስተካከል ነው። ድካሙን የሚቀንስ አንድ መንገድ አለ፦ አንድ ሊንክ በፈለጉት መልክ ያዘጋጁ፣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ሲን ተጭነው መልኩን ይቅዱ፣ ሌላውን ሊንክ መርጠው ኮንትሮል፣ ኦልትና ቪን ይጫኑ። ሊንክ የሚበዛበት ሰነድ ከሆነ ግን የመጨረሻውን ማስተካከያ በወርድ ወይም በራይተር ቢሠሩት እመክራለሁ።

ሰነዱ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ወረቀት ሲሄድ ምን ላስብ?

ለፒዲኤፍ፣ «ሴቭ አዝ» ብለው ፒዲኤፍን ይምረጡ፤ ሊንኮቹ እንደሠሩ ይቀጥላሉ። እንደ ማተሚያ በሚታየው «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» በኩል ከላኩት ግን መልካቸው ብቻ ይቀራል፤ ሰማያዊ ሆኖ፣ ተሰምሮበት፣ ሲጫኑት የማይከፈት ጽሑፍ ለአንባቢ ይደርሳል።

በወረቀት ላይ ደግሞ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ምንም አይነግርም። ለሚታተም ሰነድ ሊንኩ የተጣለበት ቃል ራሱ ስለምን እንደሆነ ይናገር፤ ሙሉ አድራሻውም በግርጌ ማስታወሻ ይጻፍ። ሰነዱ ለወረቀት ብቻ የሚዘጋጅ ከሆነ በዚያ ቅጂ ላይ ሁለቱንም ስታይሎች ጥቁርና መስመር አልባ ማድረግ ተገቢ ነው፤ የኮምፒውተሩን ቅጂ ግን በሌላ ስም ከነቀለሙና ከነመስመሩ ያስቀምጡት።